አልበስል ያለ ሙዝ

ደጀኔ ከሮቢት ሙዝ ላከ በአይሱዙ፣
አንድ ሙሉ ዘለላ፣ እንዳለ ከነወዙ።
ጣርማ በርን አልፎ፣ ጉሙን ሰንጥቆ
ጠባሴ ወረደ፣ በጆንያ ታንቆ።
«ሦስት ቀን ታገሡት፣ ራሱ ይበስላል»
ብሎ ደውሎ ነበር። እሱ ምን ያውቃል፣
እዚያ ቆላ ሆኖ፣ በካናቴራ አድሮ፣
የደብረ ብርሃንን ውርጭ፣ የሌሊቱን ኑሮ?

ሦስት ቀን ሞላው፤ አረንጓዴ።
ሳምንት ሆነው፤ አረንጓዴ።
ጤፍ ውስጥ ቀበርነው፣ ገለባ ጨመርንበት፤
ማህደር ከፋብሪካው በቅናሽ የገዛችውን
ባለ ነብሩን ብርድ ልብስ ደረብንለት፤
እኛ በጋቢ አደርን ያን ሁሉ ሌሊት።
በአሥረኛው ቀን ገልጬ ባየው፣
ልጡን እንዳጠበቀ፣
እንደ ተቀየመ ሰው።

የተቀየመ ሰው ቤታችን አላጣም።
ነገሩ ከጥቅምት ነው።
ከመጋዘኑ «ለጊዜው እረፍ» ተብዬ፣
ጊዜው አልፎ ዕረፍቱ ሲቀር፣
እኔ የምለው አጣሁ፤ እሷ ለመስማት ደከማት።
እሷ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ፣ እኔ ሥራ ፍለጋ ስወጣ፣
በር ላይ እንተላለፋለን እንደ ሁለት መንገደኛ፤
«ቁልፉን ይዘሃል?» «ይዣለሁ።»
ይኸው ነበር ወሬው የእኛ።

ሰኞ ማታ እትዬ ሐረገወይን በአጥር በኩል ተጣሩ።
የወታደር ልጅ ናቸው፣ ያደጉት ሐረር፤
በዓመት አንዴ፣ ጥምቀት ሲያልፍ፣
በናፍቆታቸው ልክ ቋሊማ ይሞላሉ።
አንድ ክንድ ያህል በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝና
«ለሚስትህ ጥበስላት፤ እንዳታሳርረው» አሉ።

ጥበስላት።
ከሻይ ሌላ ጥጄ ለማላውቅ ለእኔ!
ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሣሁ።
ሙዙ በእጅ አልላጥ አለ፣ በቢላ ሰነጠቅኩት፤
ወተቱ ጣቴን አጠቆረው፣
ምርጫ መርጬ የተመለስኩ አስመሰለኝ።
ጣድኩት። መብራት ሄደ።
ከሰል አያያዝኩ። መብራት መጣ።
ግማሽ ሰዓት፤ ሌላ ግማሽ፤
ሹካ ብሰድበት፣ ገባ።

ብርድ ልብስ የለመነውን፣ ጤፍ ያባበለውን፣
ፈላ ውሃ በአንድ ሌሊት ጨረሰው።
ዘነዘና የለንም፤
በቢራ ጠርሙስ ቂጥ ደቆስኩት፣
ጓል ጓሉን እያሳደድኩ፣
ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቅቤ፣
እስኪለሰልስ፣ ክንዴ እስኪዝል።

ቋሊማው መጥበሻ ላይ ቸስ አለ፤
ቆዳው ተኮማተረ፣ በአንድ ጎኑ ፈነዳ፣
ኮረሪማው ጣራ ነካ።
የወጣውን ስብ በሙዙ ላይ አፈሰስኩት።
እንዳታሳርረው ተብዬ ነበር፤
አንዱን ጎን አሳረርኩት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባች፣
ሻሿ ላይ ነጭ ነገር፤
የብርድ ልብስ ብናኝ ይሁን ውርጭ አልለየሁም።
ጓንቷን ሳታወልቅ ቆመች።
«ምንድን ነው የሚሸተው?»
«ሙዙ በሰለ» አልኳት።
ወደ ጆንያው ዞር አለች፣ ወደ ነብሩ፤
ከዚያ ወደ ድስቱ፤
ከዚያ ወደ ጠቆረው ጣቴ።

ተቀመጠች። ቀመሰች።
አኘከች፣ ዋጠች፣ ደገመች።
«ጨው ረስተሃል» አለች።

በሦስት ወር ውስጥ
ስለ ቁልፍ ያልሆነ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።
ጨው አቀበልኳት።
ያረረውን ጎን ለራሴ ልስብ ስል
ሹካዋ ቀደመኝ፤
«እኔ ያረረ እወዳለሁ።»
ውሸቷን ይሁን እውነቷን እስከ ዛሬ አላውቅም።
ሥራ ፍለጋ ሳልወጣ ረፈደ።

ከሰዓት ደጀኔ ደወለ።
«እሺ፣ ሙዙ በሰለ?»
«በሰለ።»
«አላልኩህም! ስንት ቀን ፈጀ?»
ማህደር ነብሩን ለብሳ ተኝታለች፤
ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።
«ከጥቅምት እስከ ጥር» አልኩት።
ኔትወርኩ መሰለው፤
«ሃሎ?» አለ፣ «ሃሎ?»